እርማቱ የት ይጻፋል?

መርካቶ ውስጥ ጭድ ተራ የሚባል ሰፈር መኖሩ፣ ቆም ብለው ሲያስቡት፣ ግራ የሚያጋባ ነገር አለው። ጭድ (ለከብት የሚቀርበውን ትተን ለቤት ሥራ የሚሆነውን እንያዝ) ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ቁም ነገር የሚሠራው ከአፈርና ከውሃ ጋር ተቦክቶ፣ በእግር ተረግጦ፣ በማገር ላይ ሲመረግ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጭዱን ከጭቃው ልለይ የሚል ሰው ግድግዳውን ማፍረስ ይኖርበታል። እንግዲህ ዕጣው መደባለቅ የሆነ ነገር ለምን የራሱ ተራ፣ የራሱ ስም፣ የራሱ ሻጭ ይኖረዋል? ለገበያ ስለሚመች ነው ማለት ይቻላል፤ ይህ መልስ ግን መለየቱ እንደሚጠቅም ይነግረናል እንጂ መለየት ምን እንደሆነ አይነግረንም። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። ምርጉ ሲሰነጠቅ ከአሮጌው ግድግዳ ውስጥ ጭድ ሊለቅም የሚቆፍር ሰው የለም፤ ሁሉም ወደ ተራው ይሄዳል። ግድግዳው ውስጥ ልዩነቱ ጠፍቷል፤ ጥገና ሲመጣ ግን ልዩነቱ ተመልሶ ይነሣል፤ የጎደለው ነገር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ግድ ይሆናልና።

ይህ ጥያቄ ከቤት ሥራ በጣም በራቀ ሙያ ውስጥም ይነሣል። ፓይቶን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ፓኬጅ የከፈተ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ፋይሎችን ጎን ለጎን ያገኛል። አንዱን ሰው አስቦ፣ ሰርዞ ደልዞ ጽፎታል። ሌላውን የጻፈው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ከአንድ ሠንጠረዥ ወይም ከአንድ የመልእክት ቅርጽ መግለጫ ተነሥቶ በቅጽበት ሺህ መስመር ኮድ አውጥቷል። አስፈጻሚው ፓይቶን በሁለቱ መካከል ልዩነት አያውቅም፤ ሁለቱንም አንብቦ፣ ሁለቱንም ወደ አንድ ዓይነት ባይትኮድ ቀይሮ ያስኬዳቸዋል። ፓኬጁን ወስዶ የሚጠቀመውም ሰው ልዩነቱን ሊያውቅ አይገባም፤ የሚያየው አንድ ስም፣ አንድ በር ነው። እንግዲህ "አብረው ይቀመጡ ወይስ ይለያዩ?" የሚለው ክርክር በመጀመሪያ እይታ የቤት አያያዝ ጉዳይ ይመስላል፤ ዕቃን በየመደርደሪያው የመደርደር ያህል። ነገር ግን ዕቃ ለመደርደር የሚለይበትን ማወቅ ያስፈልጋል። የመነጨ ኮድና በእጅ የተጻፈ ኮድ የሚለዩት በምንድን ነው?

የመጀመሪያው ትርጓሜ በጸሐፊው ይለያቸዋል፤ ሰው የጻፈው የእጅ ነው፣ መኪና የጻፈው የመነጨ ነው። ይህ ትርጓሜ አንድ ፈተና አያልፍም። አንድ ሰው የፊደል ገበታን ከግድግዳ ላይ እያየ 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ቤታቸው፣ 231ዱንም፣ ወደ አንድ የፓይቶን ዝርዝር ቢገለብጣቸው፣ ጣቱ ሠርቷል፤ ሐሳቡ ግን አልሠራም። ሌላው ሰው ደግሞ ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ "ሀ" ቁጥሯ 4608፣ "ለ" ቁጥሯ 4616 መሆኑን፣ እያንዳንዱ ረድፍም ስምንት ስምንት ቦታ እንደተሰጠው አስተውሎ፣ ያንኑ ዝርዝር የምታወጣ አጭር ዙር ቢጽፍ፣ የወጣው ዝርዝር ከመጀመሪያው በአንድ ፊደል እንኳ አይለይም። የፊተኛው በእጅ ተጽፏል፣ የኋለኛው መንጭቷል ልንል ነው? በፊተኛው ውስጥ ያለው የሰው ፍርድ ከኋለኛው ያንሳል እንጂ አይበልጥም። ጣት መኖሩ እጅ መኖሩን አያረጋግጥም፤ እዚህ ላይ እጅ የምንለው ውሳኔን ከሆነ።

ሁለተኛው ትርጓሜ በምልክት ይለያቸዋል። የመነጨ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ በራስጌው ላይ "አትንካኝ" የሚል ማስጠንቀቂያ ይይዛል። የፓይቶን የራሱ መደበኛ ቤተ መጻሕፍት እንኳ ይህ አለበት፤ የቋንቋውን ቁልፍ ቃላት የሚዘረዝረው ትንሽ ሞጁል ሰዎች በጻፏቸው ጎረቤቶቹ መካከል ተቀምጦ፣ በራሱ ማብራሪያ ውስጥ የተሠራው በመኪና መሆኑን እየተናገረ፣ አታበላሹኝ ብሎ ይለምናል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝ ደግሞ ምክንያቱን ይዞ አይመጣም። ፋይሉ ስለምን አይነካም? ፍጹም ስለሆነ አይደለም፤ የመነጨ ኮድ እንደ ማንኛውም ኮድ ይሳሳታል። ቅዱስ ስለሆነም አይደለም። አይነካም የምንለው መንካቱ ስለማይጸና ነው። ዛሬ ማታ ያረምኩትን መስመር፣ ነገ ጠዋት ማመንጫው በድጋሚ ሲሄድ፣ ማን እንዳረመውና ለምን እንደታረመ ሳይጠይቅ ይደመስሰዋል። ከዚህ ሦስተኛው ትርጓሜ ይወለዳል፤ በእጅ የተጻፈ ኮድ ማለት እርማት በራሱ ላይ የሚጸናበት፣ የመነጨ ኮድ ማለት እርማቱ ሌላ ቦታ መጻፍ ያለበት ማለት ነው። ልዩነቱ ስለ ጸሐፊው ማንነት መሆኑ ይቀርና የእርማት አድራሻ ጉዳይ ይሆናል።

ትርጓሜውን በራሳችን ፊደል እንፈትነው። "ሀ" ፊደል መሆኗን፣ "።" ግን ፊደል አለመሆኗን ፓይቶን ከየት አወቀ? የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. እላለሁ) በወጣው ስሪት 3.0 ነው፤ ያን ጊዜ 345 ምልክቶች ነበሩት። ዩኒኮድ የሚያወጣውን ረጅም ዝርዝር አንድ የፓይቶን ስክሪፕት ያነብና በሲ ቋንቋ ሠንጠረዦች አድርጎ ያወጣዋል፤ ሠንጠረዦቹም ሰዎች ከጻፉት የፓይቶን ምንጭ ኮድ ጋር በአንድ ማከማቻ ይኖራሉ። በ2008 ፓይቶን 3.0 ሲወጣ ተለዋዋጮችን ከላቲን ውጭ ባሉ ፊደላትም መሰየም ተፈቀደ፤ ዛሬ ማንም ሰው "ዋጋ" ወይም "ዱቤ" ብሎ ተለዋዋጭ ቢሰይም፣ ፓኬጁን ራሱን "ሱቅ" ቢለው፣ ፓይቶን እሺ ይላል። ይህ እሺታ የተንጠለጠለው በዚያ በመነጨ ሠንጠረዥ ላይ ነው። በ2021 ደግሞ ዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ 28 ተጨማሪ ምልክቶችን አስገባ፤ በ2022 የወጣው ፓይቶን 3.11 ፊደል ናቸው ሲል፣ ከእሱ በፊት የነበረው 3.10 ግን እስካሁን አያውቃቸውም። መርካቶን ያለ ጉራጌ ነጋዴ ማሰብ የሚችል ካለ ይንገረኝ፤ የዚያ ነጋዴ ቋንቋ ፊደል በሱቅ ፕሮግራም ውስጥ ፊደል ሆኖ እንዲቆጠር፣ ሠንጠረዡን ከአዲሱ ዝርዝር እንደገና ማመንጨት በቂ ነበር። እንበልና በ3.10 ጊዜ አንድ ተቆርቋሪ ሠንጠረዡን ከፍቶ ሃያ ስምንቱን በእጁ ቢጨምር፣ የጻፈው እውነት ይሆን ነበር፤ ቦታውን ግን ይስት ነበር። በእጅ በተጻፈ ዓለም ውስጥ እርማት እውነት መሆኑ ይበቃዋል። በመነጨ ዓለም ውስጥ እውነት ሆኖ ሳለ የሚደመሰስ እርማት አለ፤ ጀማሪዎች ይህን ሲያዩ የሚደነግጡት በከንቱ አይደለም።

አድራሻው ሩቅ መሆኑ ሌላም ነገር ያሳየናል። ፓይቶንን "፩ን ወደ ቁጥር ለውጥልኝ" ቢሉት ስህተት ነው ብሎ ይመልሳል። ያው ፓይቶን፣ በሌላ ጥያቄ፣ "፩ የቁጥር ምልክት ነው?" ሲባል አዎ ይላል፤ "አስርዮሻዊ አሃዝ ነው?" ሲባል አይደለም ይላል። "፲" ላይ ሲደርስ ደግሞ የቁጥር ዋጋ አለው እንጂ አሃዝ አይደለም ይላል። ይህ ሁሉ መልስ የሚወጣው ከሠንጠረዡ ነው፤ ሠንጠረዡ ደግሞ የዩኒኮድን ፍርድ ይደግማል እንጂ አይፈርድም። ፍርዱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ ምልክቱ በቆመበት ስፍራ ዋጋው አይቀየርም። እንግዲህ ቀኑን በግዕዝ ቁጥር የሚመዘግብ ባለሱቅ ፕሮግራም ቢያሠራ፣ ፓይቶን ያልሰጠውን ትርጉም አንድ ሰው መጻፍ አለበት። እዚህ ላይ ድንበሩ በአንዲት ገጽ መካከል ሲያልፍ እናየዋለን። ከ፩ እስከ ፼ ያሉት ሃያ ምልክቶች ዋጋቸው ከዩኒኮድ ሠንጠረዥ ሊወጣ ይችላል፤ ፼ ዐሥር ሺህ መሆኑን ፓይቶን ሲጠየቅ ይናገራል። ፻ ከፊቱ የቆመውን እንደሚያበዛ፣ ከፊቱ ምንም ከሌለ ግን ራሱ መቶ እንደሆነ፣ ፲፱፻፺፱ም በዚህ መንገድ 1999 እንደሚሆን የሚናገር ዓምድ ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ያ የአነባበብ ሕግ ነው፤ ሕጉን የሚያውቅ ሰው በእጁ ይጽፈዋል።

ታዲያ ሃያዎቹን ዋጋዎች ለብቻቸው በመነጨ ፋይል፣ ሕጉን ለብቻው በሌላ ፋይል ማስቀመጥ አለብን? እዚህ ላይ ትርጓሜዬ ራሱ ይጎረብጠኛል። በትርጓሜው መሠረት ዋጋዎቹ የሩቅ አድራሻ አላቸው። ነገር ግን ፪ ሁለት መሆኑን ማንም አይለውጠውም፤ የማይታረም ነገር የእርማት አድራሻ ምን ያደርግለታል? ሃያውን ምልክት ከሕጉ አጠገብ በእጅ የዘረዘረ ፕሮግራመር ምንም አላጠፋም ባይ ነኝ። ማመንጫ የሚገባው ነገሩ ብዙ ሲሆን ብቻ አይደለም፤ ነገሩ የሚለወጥና ለውጡ የሌላ ሰው ሥልጣን ሲሆን ነው። ለቋሚና ለጥቂት ነገር ማመንጫ መሥራት ከሥራው ይልቅ የሥራ መሣሪያውን መውደድ ነው፤ በሙያችን ውስጥ በብዛት የሚታይ፣ የተከበረ ስንፍና። (ስንፍና ያልኩት አውቄ ነው፤ አንዳንድ ትጋት ውሳኔን ለመሸሽ የሚደረግ ነው።)

የተገላቢጦሹን ለማየት ወደ አማርኛ ግስ እንሂድ። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የተባለ የፓይቶን ፕሮግራም አለ፤ በ2011 በቀረበ ጥናት እንደተገለጸው የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት እየተነተነ ሥራቸውንና ቅጥያቸውን ያወጣል። ውስጡ ሰው የሚያነባቸው ሕጎችና የሥሮች ዝርዝሮች አሉ፤ እነዚያ ተዋህደው ግን የሁኔታዎችና የሽግግሮች ትልቅ መረብ ይሆናሉ፤ ያንን መረብ ከፍቶ "ይህ ለሰበረ ነው፣ ይህ ላልተሰበረ ነው" ብሎ የሚያነብ ሰው የለም። በፊደሉ ሠንጠረዥ የመነጨው ነገር ምንጩን በሌላ መልክ ይደግማል፤ እዚህ ግን የመነጨው ከምንጩ በላይ ግዙፍና ከምንጩ በላይ ጨለማ ነው። አንድ ግስ ተሳስቶ ሲተነተን ስህተቱ የሚገለጠው መረቡ ሲሄድ ነው፤ የሚታረመው በሕጉ ነው። በሁለቱ መካከል መንገድ አለ፤ መንገዱን የሚሄደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፓኬጁን ያልጻፈ፣ ስህተቱን ያየ እንግዳ ሰው ነው። የፓኬጅ አደረጃጀት የምንለው ነገር፣ ከጌጡ ሲራቆት፣ የዚህ እንግዳ መንገድ አጭር ወይም ረጅም መሆን ይመስለኛል። ስለዚህ የመነጨውን በአንድ ዳይሬክተሪ ከትቶ መዝጋት ብቻውን አደረጃጀት አይባልም። እያንዳንዱ የመነጨ ፋይል ሁለት ነገር መናገር አለበት፤ ከምን እንደመነጨ፣ በምን ትእዛዝ እንደመነጨ። "አትንካኝ" ብቻ የሚል ፋይል በሩን ዘግቶ ቁልፉ የት እንዳለ የማይናገር ጎረቤት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የስም ጥያቄ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። የመነጨውና የእጁ በአንድ ዳይሬክተሪ ተደባልቀው ቢቀመጡ ፓኬጁ ያለ ጭንቅ አንድ ይሆናል፤ ሰው ግን በየፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ በሚንጠለጠል ምልክት ካልሆነ አይለያቸውም። ፕሮቶባፍ የሚባለው ከመልእክት ቅርጽ መግለጫ የሚነሣ ማመንጫ በሚያወጣቸው ፋይሎች ስም ላይ ፒቢ2 የሚል ጅራት የሚቀጥለው በዚህ ዓለም ለመኖር ነው። ተለያይተው ቢቀመጡ፣ ለምሳሌ የመነጨው ማመንጫው በሚጥልበት በአንድ የግንባታ ዳይሬክተሪ፣ የእጁ በምንጭ ዳይሬክተሪ፣ ሁለቱም ግን "ሱቅ" በሚለው በአንድ ስም እንዲጠሩ ብንፈልግ፣ ፓይቶን ቅድመ ሁኔታ ያቀርብልናል። አንድ ዳይሬክተሪ ኢኒት የሚባለው ፋይል ካለው መደበኛ ፓኬጅ ነው፤ ፓይቶን በፍለጋ መንገዱ ላይ እንዲህ ያለውን ካገኘ ስሙን ለእሱ ሰጥቶ ፍለጋውን ያቆማል፣ በሌላ ቦታ ያለው ስመ ሞክሼ እንደሌለ ይቆጠራል። በ2012 ከወጣው ፓይቶን 3.3 ወዲህ ኢኒት የሌላቸው ዳይሬክተሪዎች ከያሉበት ተሰብስበው በአንድ ስም ሊጠሩ ይችላሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን በመንገዱ ላይ አንዳቸውም ኢኒት ከሌላቸው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ ከፓይቶን ይሰፋል። ሁለት ቤቶች በአንድ ስም እንዲጠሩ ስሙ የማንም መሆን የለበትም። አንዱ "ስሙ የኔ ነው፣ የመጀመሪያውን ቃል የምናገረው እኔ ነኝ" ካለ፣ ሌላው ይሰወራል። ኢኒት የፓኬጁ የመጀመሪያ ቃል ነው፤ ፓኬጁ ሲጠራ ቀድሞ የሚሮጠው፣ ምን ለውጭ እንደሚታይ፣ ምን እንደሚደበቅ የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ አንድነትን ያለ ባለቤት ወይም ባለቤትን ያለ አንድነት እንድንመርጥ እንገደዳለን፤ ባለቤት የሌለው ስም ደግሞ ለተጠቃሚው የሚናገረው የመጀመሪያ ቃል የለውም። መካከለኛ መንገድ አለ። ኢኒት ኖሮ፣ ከውስጡ ግን የራሱን የፍለጋ መንገድ ለሌሎች ቤቶች እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል፤ ፓይቶን ለዚህ የቆየ መሣሪያ አለው። ይኸኛው ባለቤትነቱን ይዞ በሩን የሚከፍት ነው። በእኔ ፍርድ ከሦስቱ የሚሻለው ግን ከሁሉ ተራ የሆነው ነው። ኢኒትን ሰው በእጁ ይጽፈዋል፣ የመነጨው በፓኬጁ ውስጥ በአንድ ንኡስ ዳይሬክተሪ ይቀመጣል፣ ኢኒት ከእዚያ የሚፈልገውን በስም እየጠራ ያወጣል። ምክንያቱም ወደ ውጭ የሚታየውን መምረጥ ውሳኔ ነው፤ የውሳኔ እርማት ደግሞ ሌላ አድራሻ ሊኖረው አይገባም።

ተራው መንገድ ግን ያለ እሾህ አይደለም። ፕሮቶባፍ ያወጣቸው ፋይሎች እርስ በርስ ሲጠራሩ የሚጠራሩት በመግለጫዎቹ የዳይሬክተሪ ስም ነው፤ ወደ ንኡስ ዳይሬክተሪ ሲዛወሩ አዲሱን አድራሻቸውን አያውቁትም፣ ኢምፖርቱ ይወድቃል። ሰዎች ይህን በሦስት መንገድ ያልፉታል። አንዳንዶች ንኡስ ዳይሬክተሪውን በፓይቶን የፍለጋ መንገድ ላይ ይጨምሩታል፤ ያን ጊዜ የፓኬጁ ጓዳ ለመላው ፕሮግራም አደባባይ ይሆናል። አንዳንዶች ከማመንጨት በኋላ የኢምፖርት መስመሮቹን በሌላ ስክሪፕት ይለውጣሉ፤ ያ ስክሪፕት ሳይታሰብ የማመንጫው አካል ሆኗል ማለት ነው፣ እንደዚያው ሊከበር ይገባል። ሦስተኞቹ መግለጫዎቹን ራሳቸውን በፓኬጁ ስም በተሠራ ዳይሬክተሪ ያዛውሩና የመነጨው ከመጀመሪያው ትክክለኛ ስም ይዞ እንዲወጣ ያደርጋሉ። ሦስተኛው ለትርጓሜያችን የታመነ ነው፤ ስህተቱ የታየው በልጁ ላይ ቢሆንም የታረመው ወላጁ ነው።

የሶፍትዌር ንድፍ ባለሙያው ጆን ቭሊሲደስ በ1996 የጻፈው መላ ደግሞ ሁለቱን በዳይሬክተሪ ሳይሆን በውርስ ይለያቸዋል። ማመንጫው አንድ ክላስ ያወጣል፣ ሰው ደግሞ ከእሱ የሚወርስ ሌላ ክላስ በሌላ ፋይል ይጽፋል፤ ማመንጫው ሺህ ጊዜ ቢሄድ የሰውየው ተጨማሪ አይነካም። መልካም መላ ነው፤ ፕሮቶባፍ ግን ከመልእክት ክላሶቹ መውረስን ይከለክላል፣ ተጨማሪውን ከክላሶቹ ውጭ በጎን እንድንጽፈው ያስገድደናል። የማመንጫው ሠሪ ስለ እኛ ቀድሞ የወሰነው ነገር እንዲህ ሆኖ ይገለጣል።

አሁን ወደ ማከማቻው እንምጣ። የመነጨው የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት ውስጥ ይቀመጥ? ከምንጩ በማንኛውም ሰዓት ሊወጣ የሚችልን ነገር ማስቀመጥ ትርፍ ይመስላል። ፓይቶን ራሱ የሚያወጣውን ባይትኮድ በ2011 ከምንጩ ፋይል አጎራባችነት አንሥቶ ፓይካሽ ወደሚባል ለብቻ ወደተለየ ዳይሬክተሪ ሲያዛውረው፣ ሰዎች ያለ ጥርጣሬ ከጊት አስወጡት፤ ማንም አልቆጨውም። ያ የፊደል ሠንጠረዥ ግን በማከማቻው ውስጥ ተቀምጧል፣ ምክንያቱም ደስ ይላል። ሠንጠረዡን የሚያመነጨው ስክሪፕት የተጻፈው በፓይቶን ነው፤ ፓይቶንን ከምንጩ ለመገንባት ሠንጠረዡ ያስፈልጋል፤ ሠንጠረዡን ለማመንጨት ፓይቶን ያስፈልጋል። ከመነጩት አንዱ እንዳልመነጨ ተደርጎ ካልተቀመጠ ዙሩ አይጀመርም። እንግዲህ "የመነጨ" ማለት "ሁልጊዜ እንደገና ሊወጣ የሚችል" ማለት ነው ብለን ብናስብ፣ አንዳንዱ የመነጨ ነገር እንደገና ለመውጣት አስቀድሞ መኖርን የሚጠይቅ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከዚህ የሚብስም አለ። ማመንጫው ሲጠፋስ? መሣሪያው በአዲስ የፓይቶን ስሪት አልሄድ ሲል፣ ወይም ምንጭ የነበረው መግለጫ በአንድ በለቀቀ ባልደረባ ኮምፒውተር ላይ ቀርቶ ሲጠፋ፣ የመነጨው ፋይል ወላጅ አልባ ይሆናል። በራስጌው ላይ "አትንካኝ" የሚለው ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከማስጠንቀቂያው በስተጀርባ ግን የሚደመስስ ማንም የለም። በዚያች ቀን፣ አንድ ፊደል ሳይለወጥ፣ ፋይሉ በእጅ የተጻፈ ሆኗል፤ ከእንግዲህ እርማት በራሱ ላይ ይጸናልና። ይህ ትርጓሜያችን ስለ ፋይሉ ይዘት ምንም እንደማይናገር ያጋልጣል፤ የሚናገረው በፋይሉና በዙሪያው መካከል ስላለ ዝምድና ነው፣ ዝምድና ደግሞ በሌላው ወገን ሞት ይቋረጣል። እንዲህ ያለውን ፋይል ካገኙ ማስጠንቀቂያውን መሰረዝና ወደ እጅ ጽሑፎቹ ማዛወር ይገባል። ብዙ ቡድኖች አያደርጉትም፤ የሞተን ማመንጫ እያከበሩ ስህተትን ከእነሱ ጋር ዓመታት ያኖራሉ።

ጃንጎ የተባለው የፓይቶን ድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ከዚህ የተለየ ልደት ያሳያል። ከ2014ቱ ስሪት 1.7 ጀምሮ የዳታቤዝ ለውጦችን የሚያስፈጽሙ ማይግሬሽን የሚባሉ ፋይሎችን ራሱ ያወጣል፤ ካወጣቸው በኋላ ግን አይመለስባቸውም። ሰው ይከፍታቸዋል፣ ያስተካክላቸዋል፣ ጊት ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። በመኪና ተወልደው በእጅ የሚያድጉ ናቸው፤ ለመጀመሪያዋ ደቂቃ የመነጩ፣ ለቀሪው ዕድሜያቸው የእጅ። በየትኛው ዳይሬክተሪ መቀመጥ እንዳለባቸው ማንም አይከራከርም፤ የልደታቸውን ነገር ሁሉም ረስቶታል።

ይህን ትርጓሜ ይዤ ዛሬ በብዙ ቢሮ ወዳለው ነገር ስሄድ መሬቱ ይከዳኛል። ሰው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጥያቄውን ጽፎ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ኮዱን ይጽፍለታል። መኪና ጽፎታል፤ በመጀመሪያው ትርጓሜ የመነጨ ነው። ነገር ግን ያንኑ ጥያቄ ነገ ደግሞ ቢጠይቁት ሌላ ኮድ ሊያወጣ ይችላልና ጥያቄው እንደ ፕሮቶባፍ መግለጫ ምንጭ ሊሆን አይችልም፤ ወደ እሱ ተመልሶ ማረም እርማት ከመሆን ይልቅ እንደ አዲስ መጀመር ነው። እንግዲህ በሦስተኛው ትርጓሜ በእጅ የተጻፈ ነው፣ ቦታውም ከእጅ ጽሑፎቹ ጋር ነው። ይህን ሳልፈራ እላለሁ፤ ሲሳሳት የሚጠየቅ ማመንጫ የለም፣ የተቀበለው ሰው ነው የሚጠየቀው። ነገር ግን የተቀበለው ሰው ሳያነብ ከተቀበለውስ? እርማት ይጸናበታል፣ በውስጡ ግን ሊታረም የሚገባ የማንም ሐሳብ የለም። የእጅ ነው ያልነው ውሳኔ ስላለበት ነበር።

አንዳንድ ቡድኖች ሌላ መውጫ ጀምረዋል። ሰው የሚጽፈው ፈተናዎቹን ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ምን ሲሰጡት ምን መመለስ እንዳለበት፤ ፲፱፻፺፱ ሲሰጡት 1999፣ ፻ ብቻ ሲሰጡት 100። ኮዱን ሞዴሉ ይጽፈዋል፣ ፈተናውን እስኪያልፍ ድረስ ይደጋግማል፤ ነገ ፈተና ሲጨመር ኮዱ እንዳለ ተጥሎ ሌላ ሊጻፍ ይችላል። ያን ጊዜ ኮዱን ከፍቶ በእጁ ያረመ ሰው፣ እርማቱን በፈተና ካላሰፈረ፣ በሚቀጥለው ዙር ይደመሰስበታል። ትርጓሜው ከጀመርንበት በተቃራኒ ተገልብጦ ይሠራል፤ እንዲህ ባለ ፓኬጅ ውስጥ በእጅ የተጻፈ የሚባለው የፈተናዎቹ ዳይሬክተሪ ነው፣ ሕጉን የያዘው ዋናው ሞጁል ደግሞ ከፕሮቶባፍ ፋይሎች ጎን በመነጨው ክፍል ይገባል፤ በራስጌው ላይም ከየትኞቹ ፈተናዎች እንደወጣ ይጻፍበታል።